በዳማው መንጋ ውስጥ ያለው ነጭ

ባለነጭ ጭራው የሰሜን አሜሪካ አጋዘን በሙቀቱ ወራት ዳማ፣ በብርዱ ወራት ግራጫማ ጠጉር ይለብሳል። ነጭ የሚሆንበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ሆዱ፣ የጉሮሮው ሥር፣ የዓይኑ ዙሪያ፣ ሲደነብር ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው የጭራው የውስጥ ገጽ። የቀረው ገላው ከዛፍ ግንድ፣ ከረገፈ ቅጠልና ከደረቀ ሣር ጋር ስለሚመሳሰል ዓይንን ያሳስታል። አልፎ አልፎ ግን ከዚያው መንጋ፣ ከዚያችው እናት፣ ገላው በሙሉ ነጭ የሆነ፣ ወይም ነጭና ዳማ የተደባለቀበት ቡራቡሬ፣ ወይም ከአናቱ እስከ ሰኮናው የጠቆረ ግልገል ይወለዳል። እንዲህ ያለው እንስሳ ከአዳኝ ፊት ሲቆም የሚነሳው ጥያቄ ከተኩስ ይሰፋል። ይህ ምንድን ነው? ከየት መጣ? ሕግ ምን ይላል? ቢገደል ወይም ቢተው ለመንጋው ምን ይለውጣል?

አጋዘን ሲባል የኢትዮጵያ አንባቢ የሚያስበው ጠምዛዛ ቀንድ ያለውን የቆላ አጋዘን ወይም የባሌውን ኒያላ ሊሆን ይችላል። እነዚያ ከከብትና ከፍየል ወገን ናቸው፤ ቀንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው ይኖራል። የአሜሪካው አጋዘን ሌላ ቤተሰብ ነው። ቅርንጫፍ የሚያወጣው ቀንዱ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል፤ ቀንድ የሚያወጣውም በአብዛኛው ወንዱ ብቻ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማታ ማታ ከጓሯቸው ገብቶ አበባና ጎመን የሚበላባቸው ይኸው እንስሳ ነው።

በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛት በዊስኮንሲን ዋናው የጠመንጃ አደን የሚጀመረው የምስጋና ቀን ከመዋሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ሲሆን ለዘጠኝ ቀን ይዘልቃል። በነዚህ ቀናት ከ500 ሺህ በላይ ሰው ፈቃድ አውጥቶ ጫካ ይገባል። አዳኙ ገና ጎሕ ሳይቀድ ዛፍ ላይ ከታሰረ መቀመጫ ይወጣና ሳይንቀሳቀስ ይጠብቃል። የሚለብሰው ደማቅ ብርቱካናማ ሰደርያ ሌላው አዳኝ ሰው መሆኑን እንዲለይ ነው። አጋዘን ግን ቀለም የሚለዩ የዓይን ህዋሳቱ የሁለት ዓይነት ብቻ በመሆናቸው ብርቱካናማውን ከአረንጓዴው አጥርቶ አይለይም፤ የሰውን እጅ መወዛወዝ ይለያል፣ ሽታውን ከሩቅ ያውቃል።

ብርሃን እየጨመረ ሲሄድ ተራው አጋዘን ለዓይን የሚገለጠው በቁርጥራጭ ነው። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ እግር፣ ከቆሙት ግንዶች መካከል ደግሞ አግድም የሚሄድ የጀርባ መስመር። ልምድ ያለው አዳኝ እንስሳውን በሙሉ አይፈልግም፤ ያንን አግድም መስመር ይፈልጋል። ነጩ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። በረዶ ባልወረደበት ጫካ ውስጥ ከሁለት መቶና ከሦስት መቶ ሜትር ርቀት ሙሉ ገላው በአንድ ጊዜ ይታያል። በረዶ ከወረደ ደግሞ ገላው ጠፍቶ ጥቁር አፍንጫና ሁለት ዓይን ብቻ በባዶ ቦታ የሚንቀሳቀሱ ይመስላል። እዚህ ላይ አዳኙ የርቀት መነጽሩን አንስቶ ሦስት ነገር ማየት አለበት፤ ዓይኑን፣ አፍንጫውንና ሰኮናውን። የእንስሳው ማንነትም በአንዳንድ ቦታ የሕጉ ፍርድም የተጻፈው እዚያ ነው።

አፍንጫው ሮዝ፣ ሰኮናው የነጣ፣ ዓይኑ ቀላ ያለ ከሆነ እንስሳው አልቢኖ ነው። ጠጉርን፣ ቆዳንና ዓይንን የሚያጠቁረው ቀለም ሜላኒን ይባላል። ሰውነት ይህን ቀለም ለመሥራት ታይሮሲኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም ይፈልጋል። ኢንዛይሙን የሚያዘጋጀው ዘረመል ከተበላሸ ቀለም ሠሪዎቹ ህዋሳት በቦታቸው ቢኖሩም ሥራቸውን መሥራት ይሳናቸዋል። ዓይኑ ቀላ ብሎ የሚታየው ቀይ ቀለም ኖሮት አይደለም፤ ብርሃንን የሚያግደው ቀለም ስለሌለ ከኋላ ያለው የደም ሥር ስለሚታይ ነው። አልቢኖ ሆነው የሚወለዱ ሰዎችም ከፊሎቹ በዚሁ ኢንዛይም ጉድለት የተነሳ ነው፤ ፀሐይ የሚጎዳቸውና የማየት ችግር የሚገጥማቸው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። አልቢኖ አጋዘንም በጠራራ ፀሐይ ዓይኑን ያጨናብሳል፤ ርቀትን አጥርቶ ያያል ተብሎ አይጠበቅም።

ገላው ነጭ ሆኖ ዓይኑ ቡናማ፣ አፍንጫውና ሰኮናው ጥቁር ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ይህ ሉሲስቲክ ይባላል። ሰውነቱ ሜላኒን መሥራት ይችላል፤ የጠፋው ከጠጉሩ ነው። ብዙ ሰው በስህተት አልቢኖ የሚለው ይህንን ነው፤ በፎቶግራፍ ተነስተው በሰፊው የታወቁት ነጭ አጋዘኖችም አብዛኞቹ ከዚህኛው ወገን ናቸው። ለእንስሳው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ዓይኑ ጤነኛ ስለሆነ ከተራው ዘመዱ እኩል ያያል።

ቡራቡሬው በቁጥር ከሁሉም ይበዛል። አንዳንዱ አንድ ጎኑ ላይ መሐረብ የምታህል ነጭ ብቻ ይኖረዋል፤ ሌላው ከነጭነቱ የተነሳ ዳማው ጥቂት ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ወደ ፅንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት ይመልሳል። ቀለም የሚሠሩት ህዋሳት የሚነሱት በፅንሱ ጀርባ ላይ ከሚዘረጋው የነርቭ መስመር አጠገብ ነው፤ ከዚያ ተነስተው ወደ ሆድ፣ ወደ እግርና ወደ ራስ ይጓዛሉ። ጉዟቸው ሳይጠናቀቅ የቀረበት የቆዳ ክፍል ነጭ ሆኖ ይወለዳል። ብዙውን ጊዜ ነጩ ከሆድና ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው፣ ጀርባው ላይ ያለው ዳማ ደግሞ መጨረሻ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ቡራቡሬነት አንዳንድ ጊዜ ከቆዳ አልፎ ይዘልቃል። ጎበጥ ያለ አፍንጫ፣ አጭር እግር፣ የተጣመመ አከርካሪ፣ ከላይኛው ያጠረ የታችኛው መንጋጋ፣ በመገጣጠሚያና በውስጥ አካላት ላይ የሚደርስ ጉድለት ከቡራቡሬ አጋዘኖች ጋር ተያይዘው ተመዝግበዋል። ክፉኛ የተጎዱት ግልገሎች ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ ስለሚሞቱ ማንም አያያቸውም። አድገው ከአዳኝ ፊት የሚቆሙት ጉድለቱ የቀለላቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት በጫካ የሚታየው ቡራቡሬ ብዙ ጊዜ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ሊያስገርም አይገባም፤ ምርጫው ቀድሞ ተካሂዷል።

ከሁሉም ብርቅ የሆነው ጥቁሩ ነው። ሜላኒን ከልክ በላይ ሲመረት ዳማው ይጠፋና ጀርባው፣ ፊቱ፣ አንዳንዴም ሆዱና የጭራው ሥር ሳይቀር ይጠቁራል። በአብዛኛው አሜሪካ አንድ አዳኝ ዕድሜውን ሙሉ ጫካ ቢመላለስ ጥቁር አጋዘን ላያይ ይችላል። በመካከለኛው ቴክሳስ ግን ነገሩ ይለያል። ከኦስቲን እስከ ሳን አንቶኒዮ ባለው ኮረብታማ አገር፣ በሄይስ፣ በትራቪስ፣ በኮማልና በብላንኮ አውራጃዎች፣ ጥቁር አጋዘን ማየት የተለመደ ነው፤ ከሌላው የዓለም ክፍል ይልቅ ጥቁር ባለነጭ ጭራ አጋዘን የሚበዛው እዚያ ነው። ጥድና ዋርካ መሰል ዛፎች በጅረት ዳር ጥላ የሚያጠሉበት መሬት በመሆኑ ጥቁረቱ እንስሳውን ይሸሽገዋል የሚል ግምት አለ። በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ሜዳማ አገርም ሮ በሚባለው ትንሹ አጋዘን ዘንድ ጥቁሮች ለብዙ ትውልድ ሲታዩ ኖረዋል።

ጥላ ከጥቁረት ጋር ያለው ዝምድና ለኢትዮጵያ ጫካ እንግዳ አይደለም። በባሌው ሐረና ደን ጥቁር ነብር፣ ማለትም ገሰላ፣ ይኖራል። በደጋው ደን የሚኖረው የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ሲጎለምስ ጥቁር ሊባል እስኪችል ይጠቁራል። የድኩላው ጥቁረት ግን የወገኑ መደበኛ መልክ ነው፤ የቴክሳሱ አጋዘን ጥቁረት በዳማ ወንድሞቹ መካከል የሚገኝ ልዩነት ነው።

ነጭነት በውርስ የሚሄድበት መንገድ በአዳኞች ዘንድ ከምንም በላይ በስህተት የሚነገር ጉዳይ ነው። ነጭ አጋዘን የተለየ ዘር፣ የራሱ መንጋ ያለው ወገን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። እያንዳንዱ እንስሳ ለቀለሙ ሁለት የዘረመል ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ አንዱን ከእናቱ። አልቢኖ ለመሆን ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከተበላሸ ጤነኛው ሥራውን ስለሚሸፍን አጋዘኑ ፍጹም ዳማ ሆኖ ያድጋል፤ ነጩን ግን በውስጡ ይዞ ይኖራል፤ ተሸካሚ ይባላል። እንዲህ ያሉ ሁለት ዳማዎች ሲገናኙ ከሚወልዱት አራት አንዱ ነጭ ሊሆን ይችላል። አጋዘን ብዙ ጊዜ መንታ ስለሚወልድ አንዷ እናት አንድ ዳማና አንድ ነጭ ግልገል አስከትላ መታየቷም ከዚህ የመጣ ነው።

ስሌቱን ጥቂት ገፋ ማድረግ ይጠቅማል። ከ10 ሺህ አጋዘን አንዱ አልቢኖ የሆነበት፣ ወንድና ሴቱ ያለ ምርጫ የሚገናኝበት መንጋ አለ ይባል። በዚያ መንጋ ውስጥ የተበላሸው ቅጂ ድርሻ ከመቶ አንድ ነው። ነጩን በውስጣቸው የያዙት ዳማዎች ደግሞ ወደ 200 ይጠጋሉ። ከጠቅላላው የተበላሸ ቅጂ ነጩ እንስሳ የያዘው ከመቶ አንዱን ብቻ ነው፤ ዘጠና ዘጠኙ ያለው ማንም በማይጠረጥራቸው ዳማዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ነጩን ገድሎ መንጋውን ከደካማ ዘር ማጥራት ይቻላል የሚለው በአደን ሰፈሮች የተለመደ አባባል መሠረት የለውም። ያው ስሌት ለተቃራኒው ወገንም ይሠራል፤ ነጩ በመገደሉ ብቻ ነጭነት ከአካባቢው አይጠፋም። የሚጠፋው በዓይን የሚታየው ነጭ ነው።

ነጭ ሆኖ መኖር ከባድ ነው። ባለነጭ ጭራ አጋዘን ስትወልድ ግልገሏን ሣር ውስጥ አስተኝታ ለሰዓታት ትለየዋለች፤ ጀርባው ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በቅጠል መሐል የሚገባውን ብርሃን መስለው ይሸሽጉታል፤ ሽታውም እምብዛም ነው። ነጩ ግልገል ይህ መከለያ የለውም። ኮዮቴ የሚባለው የዱር ውሻ፣ ድብና የዱር ድመት የሚያድኑት በእነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ያንን ያለፈ ነጭ በበረዶ ወራት ጥቂት ጥቅም ያገኛል፤ በጸደይና በሙቀቱ ወራት ግን አረንጓዴው መሐል እንደታየ ይኖራል። ተኩላ በጠፋበት፣ ሰው ደግሞ ነጩን ላለመግደል በተስማማበት ሰፈር ግን ነጭ አጋዘን ሙሉ ዕድሜውን ኖሮ ይወልዳል።

ዛሬ ነጩ ከቀድሞው ይልቅ በብዙ ሰው የሚታየው የአጋዘኑ ጠቅላላ ቁጥር ስለበዛ ነው፤ ይህ ብርቅነቱ ቀንሷል ማለት አይደለም። በ1900 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አካባቢ በገበያ አደን የተነሳ በአሜሪካ የቀረው ባለነጭ ጭራ አጋዘን 500 ሺህ ገደማ እንደነበር ይገመታል። ሥጋውን መሸጥ ከተከለከለና የአደን ወቅት ከተወሰነ በኋላ አንሰራርቶ ዛሬ ወደ 30 ሚሊዮን ደርሷል። አልቢኖ ከ30 ሺህ አንድ ነው የሚለው የተለመደ ግምት ልክ ቢሆን እንኳ ከ30 ሚሊዮን ውስጥ አንድ ሺህ ይሆናል። በየጫካው ዛፍ ላይ የሚታሰሩት ሌሊትና ቀን በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎችም ቀድሞ በአንድ ሰው ዓይን ብቻ ይቀር የነበረውን ለሁሉም ያሳያሉ።

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ድንበር የተሻገረ አዳኝ ትናንት የተፈቀደለት ዛሬ ሊያስቀጣው ይችላል። በዊስኮንሲን አልቢኖና ሙሉ ነጭ አጋዘን መግደል ክልክል ነው። ሕጉ ነጭ የሚለው ጠጉሩ በሙሉ የነጣውን፣ ወይም ከሰኮናው፣ ከራሱና በኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ላይ ካለው የሽታ እጢ በቀር የነጣውን ነው፤ ጎኑ ላይ ዳማ ያለበት ቡራቡሬ በጥበቃው አይካተትም። በዚያው ግዛት ሰሜን ያለችው ቦልደር ጃንክሽን የምትባል ትንሽ ከተማ በነጭ አጋዘኖቿ ትታወቃለች፤ እንግዶች በመኪና ቀስ እያሉ መንገድ ዳር የሚግጡትን ለማየት ይመጣሉ። አዮዋ መስፈርቱን በመጠን አድርጋዋለች፤ ከግማሽ በላይ ነጭ የሆነ አይገደልም። ኢሊኖይ ነጩን፣ ቴነሲ አልቢኖውን ይጠብቃሉ። ሚሺጋን የነበራትን ክልከላ በ2008 አንስታለች። በሌሎች ብዙ ግዛቶች የቀለም ጉዳይ በሕግ አልተነሳም፤ ፈቃድ ያለው ሰው እንደማንኛውም አጋዘን ሊገድለው ይችላል።

የእንስሳት ባለሙያዎች ለክልከላው ሥነ ሕይወታዊ ምክንያት እንደሌለ ሲናገሩ ልክ ናቸው፤ ነጩ ባይኖር መንጋው አይጎዳም። ሕጉ ግን የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነው። አንድ ነጭ አጋዘን በአንድ ሰፈር ለዓመታት ሲኖር ገበሬው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌሩ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው በአንድ ጥይት ሲያስቀረው የሚሰማው ቁጣ ዳማው ሲገደል ከቶ አይሰማም። ያ ስሜት ሕግ ለመሆን በቂ ነው፤ በዙሪያው ያለው ሕዝብ የጋራ ሀብቱን እንዴት መያዝ እንደሚፈልግ የመወሰን መብት አለውና። አስቸጋሪ የሚሆነው አፈጻጸሙ ነው። ምሽት ላይ፣ በቅርንጫፍ መሐል፣ ከመቶ ሜትር ርቀት ግማሽ ነጭንና ከግማሽ በላይ ነጭን መለየት ቀላል አይደለም። ጥንቁቅ አዳኝ ሲጠራጠር ጠመንጃውን ያወርዳል።

ከሕጉ በፊት እምነት ነበረ። በአውሮፓ ተራሮች ነጭ እንስሳ የገደለ አዳኝ ዓመት ሳይሞላው ይሞታል፣ ወይም ከቤተሰቡ ሰው ያጣል ይባላል። የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በ1913 በሳልዝበርግ ተራሮች ነጭ ሻሞይስ ገደሉ፤ ሻሞይስ የፍየል ዘመድ የሆነ የተራራ እንስሳ ነው። በሰኔ 1914 (እ.ኤ.አ.) በሳራየቮ ሲገደሉ ብዙዎች ሁለቱን አያያዙ። አልጋ ወራሹ በሕይወት ዘመናቸው እጅግ ብዙ እንስሳ የገደሉ አዳኝ ነበሩና ነጩ ብቻ ተመርጦ መታሰቡ የሰውን ልብ ያሳያል። የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ ደግሞ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነጭ አጋዘንን የግል ዓርማቸው አደረጉ፤ የተከታዮቻቸው ልብስ ላይም አስጠለፉ።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር የሚነበበው የሰማዕቱ የኤዎስጣቴዎስ ታሪክም በአደን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይህ ሰማዕት ከኢትዮጵያዊው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የተለየ ነው። የሮም የጦር አለቃ ሳለ አጋዘን እያሳደደ ሄዶ በቀንዶቹ መካከል የሚያበራ መስቀል አየ፤ አደኑን ትቶ በክርስቶስ አመነ። በምዕራቡ ዓለም የአዳኞች ጠባቂ ተብለው ከሚዘከሩት አንዱ እርሱ ነው። አሳዳጁ ጦሩን የሚያወርድባት ያቺ ቅጽበት በብዙ ሕዝቦች ትውፊት የምትገኘው አዳኞች ራሳቸው በጫካ ስለሚያውቋት ይመስላል።

የሰው ውሳኔ ብርቅ ቀለምን ምን ሊያደርግ እንደሚችል በግልጽ የታየው በኒው ዮርክ ግዛት ሴኔካ በሚባለው አካባቢ ነው። በ1941 የአሜሪካ ጦር እዚያ የጥይትና የቦምብ ማከማቻ ሠራ። ከ500 በላይ በአፈር የተሸፈኑ የኮንክሪት ጎተራዎች በሜዳው ላይ ተደረደሩ፤ ከ4 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነው ይዞታ 39 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም አጥር ተከበበ። አጥሩ የተሠራው ሰው እንዳይገባ ነበር። ውስጥ የነበሩት አጋዘኖችም እንደታጠሩ ቀሩ። ከነዚያ መካከል ነጩን የያዙ ነበሩ፤ ውጭ ሊገናኙ የማይችሉት ዘመዳሞች ውስጥ መገናኘታቸው አልቀረም፤ በ1949 ነጭ አጋዘን ታየ። ዓይናቸው ቡናማ ነው፤ አልቢኖ አይደሉም።

የካምፑ አዛዦች ነጩ እንዳይገደል አዘዙ። ዳማው ግን ቁጥሩ እንዳይበዛ በፈቃድ ይታደን ነበር። ሁለቱ ነገሮች አብረው ሠሩ፤ አጥሩ ተሸካሚዎቹን አገናኘ፣ ትእዛዙ ደግሞ ነጩን ከጥይት አዳነ። ተኩላ በሌለበት ምድር ነጭ መሆን ጉዳት መሆኑ ቀርቶ ጋሻ ሆነ። በአሥርት ዓመታት ውስጥ ነጮቹ 200 ገደማ ደረሱ፤ ከመላው መንጋ ሩብ ያህሉ ማለት ነው። በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ የነጭ ባለነጭ ጭራ አጋዘን ስብስብ አይታወቅም።

ካምፑ በ2000 ተዘጋ። አጥሩን መጠገን፣ በበረዶ ወራት መሬቱን መንከባከብ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ቦታውን ምን ማድረግ ይገባል የሚለው ክርክርም ዓመታት ወሰደ። በ2016 አንድ የአካባቢው ባለሀብት ሰፊውን ክፍል ገዛው፤ በቀጣዩ ዓመት ጎብኚዎች በአውቶቡስ በጎተራዎቹ መሐል እየተዘዋወሩ ነጮቹን የሚያዩበት ፓርክ ተከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ሥራውን አቆመ። መንጋው እንዲህ ነጭ ሆኖ የሚቆየው አጥሩ እስከቆመ ድረስ ነው። አጥሩ ቢፈርስ ነጮቹ ከውጭው ዳማ መንጋ ጋር ይቀላቀላሉ፤ የኒው ዮርክ ሕግ ለነጭ አጋዘን የተለየ ጥበቃ ስለሌለው በአደን ወቅት እንደማንኛውም አጋዘን ይታደናሉ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ነጩ እንደገና ወደ ዳማዎቹ ውስጥ ይመለሳል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ ብቻ አልፎ አልፎ የሚወጣ ይሆናል።